ጥያቄና መልስ፦ በቴሌግራም «እመጣለሁ» የሚለው ብዙ፣ ለሥራ የሚወጣው ጥቂት ሆነብን

ጥያቄ፤ የበጎ ፈቃድ ቡድን ጸሐፊ፣ ደሴ፣ ሆጤ

ጤና ይስጥልኝ። ክረምት ከመግባቱ በፊት የሰፈራችንን አረጋውያን ጣሪያ የምንጠግን፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተር የምናሰባስብ ወጣቶች ነን። የቴሌግራም ግሩፓችን 430 አባላት አሉት። ባለፈው ቅዳሜ የአንዲት እናትን ቆርቆሮ ለመቀየር ጥሪ ስናስተላልፍ ከ90 በላይ ሰዎች የአውራ ጣት ምልክት አስቀመጡ፤ ምስማርና መዶሻ ይዘን የተገኘነው ግን ሰባት ብቻ ነበርን። በዚህ ላይ የሥራውን ፎቶ ግሩፑ ላይ በለጠፍን ማግስት፣ ጅዳ የምትኖረው ልጃቸው ደውላ «እናቴን ለማኝ አደረጋችኋት» ብላ ወቀሰችን። ጥሪያችን ሰው እንዲያወጣ ምን እናድርግ? ስለ ፎቶውስ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፤ የቅሬ (የመንደር እድር) ጸሐፊ፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ

አብሽሪ እህቴ፤ ሰባት ሰው ጣሪያ ላይ ከወጣ ቡድናችሁ በሕይወት አለ ማለት ነው። ችግሩ ጥሪው ለሁሉም መሆኑ ይመስለኛል፤ «ኑ» የተባለው 430 ሰው በመሆኑ እያንዳንዱ ሌላው ይሄዳል ብሎ ተቀምጧል። በቅሬያችን ሰው ሲሞት ለፋፊው መንደሩን ይዞራል፤ ቀባሪውን የሚያወጣው ግን የለፋፊው ድምፅ ብቻ አይደለም። ስም የሚጠራበት መዝገብ አለ፤ የቀረ ይቀጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤቱ መቅረቱን ያያል። እናንተ መቅጣት ባትችሉም ስም መጥራት ትችላላችሁ። አባላቱን በየመንደራቸው አሥር አሥር አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ተጠሪ መድቡ፤ ተጠሪውም ዓርብ ማታ ለአሥሩም ይደውል። ደውሎም «ነገ ሥራ አለ» ከማለት ይልቅ «ነገ አንድ ሰዓት ላይ መሰላል የምትይዘው አንተ ነህ» ይበል።

የአባላቱን ስምና ስልክ በደብተርም መዝግቡ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ የአባሎቻቸውን ዝርዝር በቴሌግራም ብቻ ይዘው የነበሩ ቡድኖች እርስ በርስ ተጠፋፍተው ነበር።

መልስ፤ የሞባይል ጥገና ባለሙያ፣ ደሴ፣ ፒያሳ

ጋሼ ባሉት ላይ ከመሣሪያው በኩል ልጨምር። ማስታወቂያውን ከወሬው ለዩ። አስተዳዳሪዎች ብቻ የሚጽፉበት ቻናል ክፈቱና የሥራ ጥሪ በዚያ ብቻ ይውጣ፤ የ«እንኳን አደረሳችሁ» ምስል በግሩፑ ይቀጥል። ማን እንደሚመጣ ለማወቅ በአውራ ጣት ፈንታ የድምፅ መስጫ ተጠቀሙ። በግሩፕ ውስጥ የመራጩን ስም የሚደብቀውን አማራጭ ካጠፋችሁት «እመጣለሁ» ያለው ሰው በስሙ ይታያል፤ በቻናል ላይ ግን ስም ስለማይታይ ድምፅ መስጫውን ግሩፑ ላይ አውጡ። ወደ ዋትስአፕ እንዛወር የሚል ከመጣ፣ እዚያ የአባላት ስልክ ቁጥር ለግሩፑ ሁሉ ሊታይ እንደሚችል አስቡበት፤ በተለይ ሴቶች አባላት ባልፈለጉት ሰው ሊደወልባቸው ይችላል።

መልስ፤ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ስለ ፎቶው ልጅቷ እውነት አላት። አንዲት እናት ቆርቆሮ ሊቀየርላቸው በር ላይ ሰው ቆሞ ሳለ «ፎቶ እናንሳ?» ቢባሉ እንዴት እምቢ ይላሉ? ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው ከሥራው ቀን አስቀድሞ፣ ብቻቸውን ሲሆኑና እምቢ ቢሉም ጣሪያው እንደሚጠገን ከተነገራቸው በኋላ መሆን አለበት። እኔ ብሆን የሰው ፊት ጨርሶ አላነሳም፤ የተቀደደው ቆርቆሮና አዲሱ ጎን ለጎን ቢለጠፉ ሥራውን ለማሳየት ይበቃሉ። ከፎቶው የባሰው ደግሞ አብሮት የሚለጠፈው ጽሑፍ ነው። «የስኳር ሕመምተኛ፣ ጧሪ የሌላቸው» እያሉ መጻፍ ተለምዷል፤ ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል። የተለጠፈውን ዛሬውኑ አጥፉ፤ ሁለት ሰዎች ሆናችሁም ቤታቸው ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ። በስልክ አይሆንም።

መልስ፤ ተማሪ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ

ፊት ካልታየ ግን ገንዘብ የሚሰጥ የለም። እኛ ቲክቶክ ላይ የሚያለቅሱ እናት ስናሳይ ነው ብር የገባልን።

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዋ

ወንድሜ፣ ብሩ ገብቶ ይሆናል፤ ነገር ግን እኚያ እናት ዛሬም በገበያ ሲሄዱ ቪዲዮውን ባየ ሰው መካከል ነው የሚያልፉት። ለጋሽ ከእንባ ይልቅ ሒሳብ ቢያይ ይሻላል፤ ስንት ቆርቆሮና ስንት ኪሎ ምስማር እንደተገዛ የሚያሳየው ደረሰኝ በየሳምንቱ ቻናሉ ላይ ይውጣ። ገንዘቡም በአንድ ሰው ቴሌብር ከሚጠራቀም፣ በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶውን አጥፍተናል፤ ነገ ከሊቀመንበሩ ጋር እናትየው ዘንድ እንሄዳለን። ለመጪው ቅዳሜ አራት ተጠሪዎች መድበናል፤ 430ውን ትተን በሚደውሉላቸው 40 ሰዎች እንጀምራለን። የቀረን ረጅም መሰላል ነው፤ የተከራየነው አጭር ሆኖብን ነበር።

የቅሬ ጸሐፊው

መሰላል ከቅሬያችን ዕቃ ቤት አለ። ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው መታወቂያ ይዞ ይምጣ፤ ፈርሞ ይወስዳል፤ እሑድ ለቀብር ሊያስፈልገን ስለሚችል ግን ቅዳሜ ማታ ይመለስልን።