ለጎንደር ሠርግ ምን ይዞ መሄድ ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ የጎረቤታችን ልጅ ከጥምቀት በኋላ ታገባለች። ያደግሁት አዲስ አበባ ስለሆነ የዚህን አገር ወግ በደንብ አላውቀውም። ዕቃ ልግዛ ወይስ ብር በፖስታ ልስጥ? ዕቃ ከሆነስ ከየት?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤት ከሆንሽ ከስጦታው የሚቀድም አለ፤ ማገዝ። ሽንኩርት ሲላጥ፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ዳስ ሲጣል ብቅ በይ። እናትየዋ ይህን ከየትኛውም ዕቃ አስበልጣ ታስታውስልሻለች፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጪው ትንሽ ቢሆንም አያሳፍርሽም።

ዕቃ ከሆነ እኔ መሶብ እላለሁ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ያሉት ሱቆች ጥሩ ጥሩ ድስትና ሲኒ አላቸው፣ ግን ሁሉም እንግዳ እዚያው ስለሚገዛ ሙሽሮቹ ተመሳሳይ ዕቃ ይደራረብባቸዋል። ለመሶብ ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ውጪ፤ ደህና ደህናው ቶሎ ይነሣል። ስፌቱን በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊው፣ የላላ ከሆነ ቶሎ ይጣመማል። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ቀለሙን እሺው፤ ከለቀቀ እንጀራውን ያበላሻልና ተዪው። ክዳኑ ልክክ ብሎ መግጠሙንም እዪ። ሻጯ ራሷ የሰፋችው ከሆነ ስለ ስንደዶውና ስለ አክርማው ጠይቂያት፣ ደስ ብሏት ታስረዳሻለች፤ እንዲህ ያለችዋን ብዙ አትከራከሪያት፣ የስንት ቀን ድካም ነው።

ጋቢም ጥሩ ነው፣ በተለይ ለወላጆች። የእጅ ፈትል ከፈለግሽ ሸማኔው ጊዜ ይፈልጋል፤ ጥር ሲደርስ ሥራ ይበዛበታልና አሁኑኑ እዘዢ። ሳይቋጭ ግን አትስጪ። ለሙሽራዋ ቀሚስ እንዳትገዢ፤ እሱ የጥሎሽ ነገር ነው፣ የሙሽራው ወገን ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ ብር ብሰጥስ ነውር ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ዛሬ ብዙ ሰው የሚሰጠው ብር ነው፣ ጎጆ ለሚወጡ ልጆችም ይጠቅማቸዋል። ፖስታው ላይ ስምሽን ከነአባትሽ ጻፊ፤ ቤተሰቡ መዝግቦ ይይዘዋል፣ ነገ ያንቺ ደስታ ሲመጣ ብድሩን ይመልሳል። በቴሌብር የሚልኩም አሉ፤ ሩቅ ላለ ሰው ያስኬዳል፣ ጎረቤት ግን በእጁ ቢሰጥ ያምርበታል። ለአዝማሪው የምትሸልሚው ከዚህ ጋር አይቆጠርም።

ሌላ አስተያየት፦ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ አቅም ካነሰ ግን ወለቃን አትርሱ። በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ነው። ከሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች እጅ ጀበና ገዝቶ ከሲኒና ከረከቦት ጋር መስጠት ለአዲስ ጎጆ የሚሆን ስጦታ ነው። አፉን አይታችሁ፣ ውኃ ሞልታችሁ አለማፍሰሱን አረጋግጡ። ከመስጠታችሁ በፊት አሟሹት፣ ወይም እንዳልተሟሸ ለሙሽራዋ ንገሯት። መሶብም ሆነ ጀበና በሠርጉ ዕለት ዳስ ውስጥ ይዞ መግባት ለሰባሪ ማጋለጥ ነው፤ ቀደም ብሎ ወይም ከመልሱ በኋላ ቤት ድረስ ይወሰድ።