ሊምፍ ለቋጠረ ክንድ የትኛው የዋግምት ኩባያ ይመረጣል?

ጥያቄ፦
እናቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት የቀኝ ብብቷ ዕጢዎች አብረው ስለ ወጡ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ክንዷ እያበጠ ሄዷል። ሐኪሟ የተጠራቀመው ሊምፍ፣ ማለትም ከሰውነት ተሰብስቦ በእነዚህ ዕጢዎች በኩል ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ ነው ብለውናል። ዘመዳችን ከዱባይ በፓምፕ አየር የሚሳብበት የፕላስቲክ ኩባያ ልካልናለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ የቀንድ ዋግምት እንድታስደርግ ይመክራሉ። ገበያ ላይ የብርጭቆና የሲሊኮንም አይቻለሁ። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ፈሳሹን መጀመሪያ የሚቀበሉት ቀጫጭን የሊምፍ ሥሮች ከቆዳው በታች ወዲያው ስለሚገኙ፣ ቆዳውን በስሱ አንስቶ በዝግታ ማንሸራተት ይበቃቸዋል። ጠንካራ ስበት ግን ጥቃቅን የደም ሥሮችን በጥሶ ቆዳውን ያበልዛል፤ ከእነዚያ ሥሮች የሚወጣው ፈሳሽም ሥራ ለበዛበት ክንድ ሌላ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ከጠቀሷቸው ውስጥ የምመርጠው በጣት ጫን ተደርጎ ስበቱ የሚመጠነውን፣ በዘይት የሚንሸራተተውንና በሳሙና የሚታጠበውን ለስላሳ የሲሊኮን ኩባያ ነው። ለክንድ አፉ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። የፓምፑን ስበት እዚህ ድረስ ማሳነስ ያስቸግራል። የብርጭቆው በእሳት የሚሠራ በመሆኑ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በደነዘዘ ቆዳ ላይ ቃጠሎው ሳይሰማቸው ሊቀር ይችላል።

ከኩባያው ይልቅ የሚያሳስበኝ አቅጣጫው ነው። የእናትዎ የቀኝ ብብት ዕጢዎች ስለሌሉ ፈሳሹ ወደ ግራ ብብት ወይም ወደ ቀኝ ብሽሽት መመራት አለበት፤ ይህንንም ከሠለጠነ ባለሙያ እጅ አይቶ መማር ያስፈልጋል። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደርና ባለቤቱ ኤስትሪድ በ1930ዎቹ የጀመሩት የሊምፍ ፈሳሽን በስሱ እሽት የመምራት ሕክምናም በባዶ እጅ የሚሠራ ነበር። ዛሬም ዋናው ሕክምና ፋሻው፣ ክንድን ተጭኖ የሚይዘው እጅጌ፣ እንቅስቃሴውና የቆዳ ንጽሕናው ሲሆን ኩባያ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ረዳት ነው።

ሌላ መልስ፦
ስለ ቀንዱ አንድ ነገር ልጨምር። ዋግምት ቆዳን በምላጭ በጥቶ ደም ስለሚያወጣ ለእንዲህ ዓይነቱ ክንድ ፈጽሞ አይሆንም። ሊምፍ በቋጠረ አካል ላይ ትንሽ ቁስል ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል፤ በዝሆኔ ለተያዙ ሰዎች እግርን በሳሙና ማጠብና ጫማ ማድረግ አጥብቆ የሚነገረውም ለዚሁ ነው። እኅቴ በእንዲህ ያለ ክንድ ላይ አስበጥታ በማግስቱ ክንዷ ቀልቶና ግሎ፣ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች፤ እብጠቱም ከቀድሞው ብሶ ቀረ። ለጎረቤታችሁ ይህን በአክብሮት ንገሯቸው።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሳልጠቅስ የቀረሁት እናቴ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እንደምትወስድ ነው። ሲሊኮኑን ልግዛ?

የፊዚዮቴራፒስቱ መልስ፦
አሁን አይግዙ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በቀላል ስበትም ይበልዛል፤ በክንዳቸው የረጋ ደም ተገኝቶባቸው ከሆነ ደግሞ መታሸትም ሊጎዳቸው ይችላል። መድኃኒቱ የታዘዘበትን ምክንያት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ እስከዚያው ገንዘቡን በልካቸው ለሚሠራ እጅጌ ያውሉት።