«ፔድ» እግር ነው ወይስ ልጅ? ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ

አስጠኚው (ሐዋሳ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የማድለውን የእንግሊዝኛ ቃላት መለማመጃ 60 ቅጂ አባዝቼ ቤት እንደገባሁ፣ ነርስ የሆነችው እኅቴ ወረቀቱን አይታ «ታዲያ እኔ የምሠራበት የሕፃናት ክፍል የእግር ክፍል ነው ልትል ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «ፔድ የላቲን ሥር ሲሆን ትርጉሙ እግር ነው» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ፔዳል፣ ፔዴስትሪያን (እግረኛ)፣ ፔዲያትሪክስ (የሕፃናት ሕክምና)፣ ኦርቶፔዲክስ (የአጥንት ሕክምና) እና ፔዳጎጂ (የማስተማር ጥበብ) የሚሉትን ደርድሬያለሁ። የትኛውን ልሰርዝ? ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

የሐይቅ ዳር፦ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ይሰርዙ።

አስጠኚው፦ ኦርቶፔዲክስንም? እግሩ የተሰበረ ሰው እኮ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ መምህር፣ ሁለት ቋንቋ ተደባልቆብዎታል። በላቲን ፔስ፣ ሲረባም ፔዲስ፣ እግር ማለት ነው፤ ፔዳልና ፔዴስትሪያን፣ እንዲሁም «መቶ እግር» የተባለችው ሴንቲፒድ ከዚህ ይወለዳሉ። በግሪክ ፓይስ፣ ሲረባም ፓይዶስ፣ ልጅ ማለት ነው። ፔዲያትሪክስ ይህንኑ ቃል ሐኪም ከሚለው ኢያትሮስ ጋር አጣምሮ የተሠራ ነው። ፔዳጎግ በጥንቱ የግሪክ ቤት ልጁን ወደ መምህሩ እየመራ የሚያደርስ ባሪያ ነበር፤ አስተማሪ ለመባል የበቃው ኋላ ነው። ኦርቶፔዲክስን ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ በ1741 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «ቀጥ ያለ» ከሚለው ኦርቶስና «ልጅ» ከሚለው ቃል አዋቅሮ ያወጣው ስም ሲሆን፣ ያሳሰበው የተሰበረ እግር ሳይሆን የልጆች የአካል መጣመም ነበር። ግሪክኛው ሩቅ አይምሰልዎ፤ ኤጲስ ቆጶስ «ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ የሚጠብቅ» ማለት ነውና ከቴሌስኮፕ ጋር ይዛመዳል፤ ጴጥሮስና ፔትሮሊየምም የድንጋይ ልጆች ናቸው።

አስጠኚው፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

አፈር ቆፋሪ፦ እኔ የተማርሁት የአፈር ሳይንስ ነው። ፔዶሎጂ ማለት በእኛ ዘንድ የአፈር ጥናት ሲሆን፣ መሬት ወይም አፈር ከሚለው የግሪክ ፔዶን የመጣ ነው። እንግዲህ ልጅ በባዶ እግሩ አፈር ላይ ሲጫወት ሦስቱም ተገናኙ ማለት ነው።

ተጠራጣሪው፦ እኔ ከመነሻው አልስማማም። የቃል ትርጉም የሚታወቀው ከአጠቃቀሙ እንጂ ከሥሩ አይደለም። ዲሴምበር «አሥር» ከሚለው የላቲን ዴኬም የወጣው ሮማውያን ዓመቱን ከማርች ይጀምሩ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ግን አሥራ ሁለተኛው ወር ነው። በሥር ብቻ የሚሄድ ተማሪ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ይወድቃል፤ እርስዎም የወደቁት በዚሁ ነው።

የሐይቅ ዳር፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይሰረዙ።

ብስክሌተኛው፦ እኔ ከፔዳሉ በቀር የማውቀው አልነበረኝም፤ እሱም ቢሆን ሰንሰለቱ ወልቋል። ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ወረቀቱ የተጻፈው በአሜሪካኖች አጻጻፍ ነው በእንግሊዞች? እንግሊዞች ፔዲያትሪክስንና ኦርቶፔዲክስን ሲጽፉ ከፒ ቀጥሎ ኤ እና ኢ የሚባሉትን ፊደላት ያስከትላሉ፤ ያ ኤ የግሪኩ «ፓይ» ቅሪት ስለሆነ ልጁን ከእግሩ ይለያል። ፔዳጎጂ ላይ ግን እነሱም ኤውን ስለጣሉት በዚህኛው አይታመኑ። ደግሞ 60 ወረቀት ምን በደለ? አርእስቱን ብቻ በእስክሪብቶ ይሰርዙና ተማሪዎቹን «ከእነዚህ አምስቱ ሦስቱ የሌላ ቤት ልጆች ናቸው፤ ለዩአቸው» ይበሏቸው። ስሕተቱ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

አስጠኚው፦ ይህ ሐሳብ ደስ ብሎኛል። የአሜሪካኖቹን ነው የተጠቀምሁት፤ መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። ይሁንና በወረቀቱ ጀርባ ፖዲየምንም (ተናጋሪ የሚቆምበትን መድረክ) ከላቲኑ እግር ጋር ጽፌዋለሁ። እሱስ?

የቆሎ ተማሪ፦ እሱስ በእርግጥ እግር ነው፤ እግሩ ግን የላቲን ሳይሆን የግሪክ ነው። ቃሉ በላቲን በኩል ቢያልፍም ሥሩ ፑስ፣ ሲረባም ፖዶስ ነው። ኦክቶፐስ «ባለ ስምንት እግር» የተባለውም በዚሁ ነው።

የሐይቅ ዳር፦ እንግዲያው ፖዲየም አይሰረዝም። ሦስቱ ብቻ።

አፈር ቆፋሪ፦ መምህር፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘጋ እንዴ?