ፓርኪንሰን ያለበት ሰው አይረን ኪኒን ቢወስድ ይጎዳዋል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አባቴ ፓርኪንሰን ከያዘው 3 አመት ሆነው ሌቮዶፓ የሚባለውን የፓርኪንሰን መድሃኒት ነው የሚወስደው፣ አሁን ደሞ ደም ማነስ ተገኘበትና አይረን ታዘዘለት ሁለት ሳምንት ሰጠሁት፣ ከዛ ሳነብ የፓርኪንሰን ታማሚ አንጎል ውስጥ አይረን ይጠራቀማል ሴሎቹን የሚገድለውም እሱ ነው የሚል አየሁና ከትላንት ጀምሮ ኪኒኑን ልሰጠው እጄ እምቢ አለኝ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ ግን ሀኪሙን ሳትጠይቂ እንዳታቋርጪበት። ያነበብሽው ውሸት አይደለም፣ ሰብስታንሺያ ኒግራ የሚባለው፣ ዶፓሚን (እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው የአንጎል ኬሚካል) የሚያመርቱት ሴሎች ያሉበት የአንጎል ቦታ ላይ አይረኑ ከጤነኛ ሰው በዝቶ ይገኛል። ግን በደምና በአንጎል መሀል አጥር አለ፣ የሚያልፈውን አይረን የሚመጥነው እሱ ስለሆነ ደሙ ውስጥ አንሶ አንጎሉ ውስጥ ሊበዛ ይችላል። ክፉው አይረን ፌሪቲን (አይረን የሚያከማች ፕሮቲን) ውስጥ ተቀምጦ ያለው ሳይሆን ልቅ የሆነው ነው፣ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ጎጂ ሞለኪውል ይፈጠርና የሴሉን የስብ ሽፋን ያበላሸዋል፣ እንዲህ ያለው የሴል አሟሟት በ2012 ፌሮፕቶሲስ ተብሎ ስም ወጥቶለታል

መልስ 2፦
ታዲያ ትርፉን አይረን በመድሃኒት ማውጣት አይቻልም? እናቴ አልዛይመር አለባት፣ እሱም ላይ አይረን ይበዛል ሲሉ ሰምቼ ነው

መልስ 3፦
ተሞክሯል ወንድሜ፣ እኔም ብዙ ተስፋ አድርጌበት ነበር። ሌቮዶፓ ገና ያልጀመሩ 372 የፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ ዴፈሪፕሮን የሚባል አይረን የሚያወጣ መድሃኒት ለ36 ሳምንት ተሞከረ፣ ውጤቱ በ2022 ወጣ፣ ኤምአርአይ ላይ አይረኑ በርግጥ ቀንሷል፣ ሰዎቹ ግን ፕላሴቦ (አስመሳይ መድሃኒት) ከወሰዱት ይልቅ ባሰባቸው። ዶፓሚን የሚሰራው ኢንዛይም ራሱ አይረን ስለሚፈልግ ሳይሆን አይቀርም። አልዛይመር ላይም በ2024 የወጣው ሙከራ የማስታወስና የማሰብ አቅማቸው ቶሎ እንደወረደ ነው ያሳየው፣ ስለዚህ ለእናትህ እንዲህ አይነት መድሃኒት በራስህ እንዳትሞክር።

እህቴ አንቺ ደሞ መፍራት ያለብሽ ሌላ ነገር ነው፣ አይረኑ ሆድ ውስጥ ሌቮዶፓውን ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፣ ቢያንስ 2 ሰአት አራርቀሽ ስጪው፣ ሰአቱን ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ደም ማነሱም ከምን እንደመጣ ይጣራለት

ጠያቂዋ፦
ወይኔ! እኔ እኮ ሁለቱንም ጠዋት አንድ ላይ ነበር የምሰጠው፣ ሰሞኑን እግሩ ከበፊቱ በላይ ሲተሳሰርበት በሽታው ባሰበት ብዬ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ነገ በጠዋት ሀኪሙ ጋ እደውላለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ