የጎጃም ኮት፣ ነጠላና ስኒከር፦ ለጎዳና ፋሽን ፎቶ እንዴት ላቀናጃቸው?

የማርቆስ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰዎችን መንገድ ላይ እያስቆመ ፎቶ የሚያነሳና ስለ አለባበሳቸው የሚጠይቅ ልጅ ባሕር ዳር አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ለመገናኘት ተቀጣጥረናል። እኔ የምነሳው ከደብረ ማርቆስ ነው። ያሰብኩት የአጎቴን አረንጓዴ የጎጃም ኮት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀር ጥቁር ጂንስ፣ ነጭ ስኒከር፣ ቀይ ጥለት ያለው አዲስ ነጠላና የብር አልቦ ነው። የኮቱ ትከሻ ይሰፋኛል። ይጠበባል ወይስ እንዳለ ልልበሰው? ነጠላውን ከኮት ጋር እንዴት ላድርገው? ደግሞስ «ያንቺ ስታይል ምንድን ነው?» ቢለኝ ምን ብዬ ልመልስ?

መርፌና ክር፦

እህቴ፣ ትከሻውን አታስነኪው። ትከሻ ማጥበብ ማለት እጅጌውን ፈትቶ፣ የብብቱን ዙሪያ እንደገና ቆርጦ፣ እጅጌውን መልሶ መግጠም ነው። የብብቱ ቀዳዳ ሲቀየር የእጅጌው አናት ልኩ አይመጣም፤ ወይ ይሸበሸባል ወይ ክንድሽን ስታነሺ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ስንት ሴንቲ እንደሚወርድ በሜትር ለኪው። ስፌቱ ከትከሻ አጥንትሽ ከ2 እስከ 4 ሳ.ሜ. ብቻ ከወረደ ሆን ተብሎ የሰፋ ይመስላል፣ ያምራልም። ከ5 ሳ.ሜ. ካለፈ ግን ኮሌታው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ማጅራትሽን ያሳያል። ያኔ ውስጡ ወፈር ያለ ሹራብ ካልለበስሽ አይሆንም።

የሚነካው ጎኑ ነው። በእያንዳንዱ ጎን 2 ሳ.ሜ.፣ በድምሩ 4 አስጠብቢ። ከዚያ ካለፈ የፊት ኪሶቹ ወደ ጎን ይዞራሉ። የጎጃም ኮት መልኩ ያለው ኪሱ ላይ ነው፣ ኪሱን የሚያበላሽ ነገር ሁሉ ይቅር። እጅጌው ከረዘመ አትቁረጪው፤ ወደ ውስጥ አጥፈሽ በእጅ ስፌት ዘምዝሚው። የአጎትሽ ነውና ነገ ተፈትቶ ወደነበረበት መመለስ አለበት። ላስፋው ብዬ ልተርትረው ካልሽ ግን አንድ ነገር እወቂ፦ ፀሐይ ያደበዘዘው አረንጓዴ ከስፌቱ ሥር ያልደበዘዘ ጥቁር አረንጓዴ መስመር አለው። ስፌት ከተተረተረ ያ መስመር ወጥቶ ይታያል፣ በማጠብም አይለቅም። ማጥበብ ጉዳት የለውም፣ ማስፋት ነው የሚያጋልጠው።

ካውያ ላይ ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ ኮቶች ከጥጥ ጋር ፖሊስተር የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ካውያው በቀጥታ ሲያርፍባቸው ያብረቀርቃሉ፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ከውስጥ በኩል ገልብጠሽ ወይም እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርበሽ ተኩሺው። አውቶቡስ ላይ አትልበሺው፤ የክርን እጥፋቱ ፎቶ ላይ ጎልቶ ይታያል። ገልብጠሽ ጠቅልይውና ጉልበትሽ ላይ ያዢው። ለብርዱ ጋቢ ይበቃል። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ፣ ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ነውና ስትደርሺ ጋቢው አያስፈልግሽም። ከኮቱ ሥር ቀጭን የጥጥ ቲሸርት ይሁን፤ ፖሊስተር ላይ ፖሊስተር ከተደረበ ላቡ ሳይቆይ ብብት ላይ ይታያል።

ጂንሱ ከአልቦው በላይ ሦስት ጣት ያህል ይቅር። ጫፉ አልቦው ላይ ካረፈ ብሩ አይታይም፣ በየእርምጃውም ክሩን ይመዛል። ካልሲሽ ከስኒከሩ አንገት በላይ አይውጣ።

እትዬ ጥለት፦

የኔ ልጅ፣ መርፌና ክር ስለ ኮቱ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ነጠላው ልንገርሽ። ፎቶው ማርቆስም ሞጣም ፍኖተ ሰላምም ይታያል፤ አያትሽ ያዩታል። ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊትሽ አድርገሽ ከተከናነብሽ ሐዘን የደረሰብሽ ይመስላል። «ማን ሞተባት?» ተብሎ ለእናትሽ ይደወላል። መስቀለኛ አድርገሽ ካጣፋሽው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ነው የሚመስለው። ለመንገድ የሚሆነው ጥለቱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ አንደኛው ጫፍ ከፊት፣ ሌላው በትከሻ ላይ አልፎ ወደ ኋላ ሲወርድ ነው። ከፊት ያለው ጫፍ ከኮቱ ጫፍ አንድ ስንዝር ይነስ፤ እኩል ሲሆኑ ሰውነትሽ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል።

ችግሩ ኮቱ ስለሚያዳልጥ ነጠላው አሥር እርምጃ ሳትሄጂ ይወርዳል። በመርፌ ቁልፍ ያዢው፤ ግን ሸማውን አትውጊው፣ ድሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቀዳዳው አይደፈንም። ኮሌታውን አንሺ፣ ነጠላውን ከሥሩ አሳልፊ፣ ቁልፉን ከኮሌታው ሥር ነጠላው በተጋጠመበት የመሐል ስፌት ላይ አድርጊው። እዚያ ድርብ ስለሆነ ይችላል። አዲስ ነጠላ ደግሞ ደርቆ ትከሻ ላይ ይቆማል፤ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ሳይታጠብ አይለበስም። ዘርፉ በደንብ መቋጨቱንም እዪ፤ ያልተቋጨ ዘርፍ መጀመሪያ እጥበት ላይ ይፈታል።

ለጃኬት ብለሽ ነጠላውን እንዳታስቆርጪው ብቻ። ሰሞኑን ብዙ ሰው እያስቆረጠ ነው፤ ያሳዝነኛል። ለመቁረጥ ከሆነ ወፈር ያለ አዲስ ሸማ በሜትር ይገዛል፣ ከመቆረጡ በፊትም ይታጠባል።

ብርሃን ፈላጊ፦

ፎቶውን በሚመለከት፦ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 2፡30 ይሁን። ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ከላይ ስለሚመጣ ዓይንሽ ሥር ጥላ ይጥላል። ጣና ከከተማው በስተ ሰሜን ነው፤ ሐይቁን ከኋላሽ አድርገሽ ስትቆሚ የጠዋት ፀሐይ በግራሽ ይመጣል። ስለዚህ የነጠላው ወራጅ በግራ ትከሻ በኩል ይሁን፤ የሸማው መስመርና የጥለቱ ቀለም በጎን ብርሃን ነው የሚነበበው። ዘንባባ ሥር እንዳትቆሙ፣ ቅጠሉ ፊት ላይ መስመር መስመር ጥላ ይጥላል። የዋርካ ጥላ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ ከገባሽ ከቅጠሉ የሚመለሰው ብርሃን ነጭ ሸማን አረንጓዴ ያስመስላል። ጥላው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ፊትሽን ወደ ውጭ አድርገሽ ቁሚ።

ነጭ ነጠላ ጥቁር አረንጓዴ ላይ ለካሜራ ከባድ ነው። ካሜራው ብዙውን ቦታ የያዘውን ጥቁሩን ያይና ብርሃን ይጨምራል፤ ነጠላው ተቃጥሎ ድርና ማጉ የማይለይ ነጭ ወረቀት ይሆናል። በስልክ ከሆነ ነጠላውን ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ ነው፤ በካሜራ ከሆነ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይቀንስ። ስልኩን በደረት ከፍታ ይያዝና 4 ሜትር ርቆ በ2 እጥፍ ዙም ያንሳ። ቀርቦ ከላይ ካነሳ ጭንቅላት ይተልቃል፣ እግር ያጥራል። እየሄድሽ የሚያነሳሽ ከሆነ የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት ከ1/250 ሴኮንድ አይዘግይ፤ አለዚያ ዘርፉ ይደበዝዛል።

የብስክሌት ጎረቤት፦

«ስታይልሽ ምንድን ነው?» ሲልሽ «ባህላዊና ዘመናዊ ቅልቅል» አትበይው። ሁሉም የሚለው ስለሆነ ምንም አይነግረውም። ሦስት ነገር በትክክል ንገሪው፦ ልብሱ ከየት መጣ፣ ምኑን አስተካከልሽ፣ በምን ቀን አትለብሺውም። «የአጎቴ የሥራ ኮት ነው፤ ጎኑን 4 ሴንቲ አስጠብቤ ትከሻውን ተውኩት፤ ለለቅሶ አልለብሰውም» ካልሽው ስለ አንቺ አወቀ ማለት ነው። ኪሱ ውስጥ አጎትሽ ምን ይይዙበት እንደነበርም ጠይቂያቸውና ንገሪው።

የሥራ ልብስ መሆኑ አያሳፍርሽ። ቢል ከኒንግሃም ለኒው ዮርክ ታይምስ ለአሥርት ዓመታት የጎዳና አለባበስ ያነሳ ሰው ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2016 እ.ኤ.አ.፣ በብስክሌት እየዞረ ራሱ የሚለብሰው የፈረንሳይ ሠራተኞችን ሰማያዊ ጃኬት ነበር። ሰው በዚያ ጃኬት ያውቀው የነበረው ውድ ስለሆነ ሳይሆን ስለደጋገመው ነው። አንቺም ኮቱን ለፎቶው ቀን ብቻ አታውጪው፤ ከቅዳሜ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ማርቆስ ገበያ ልበሺው። አዲስ የለበሰ ሰው እጁ የት እንደሚገባ አያውቅም፣ ፎቶው ላይ ይታወቃል።

ፎቶ ከመነሳትሽ በፊትም ጠይቂው፦ ፎቶው የት ይወጣል? ስሜ ይጻፋል? ለልብስ ሻጭ ማስታወቂያ ይሰጣል? ለመጨረሻው «አዎ» ካለ ክፍያና የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ከመለያየታችሁ በፊት ፎቶዎቹን አሳየኝ በይው፤ የማትወጂውን እዚያው ማስጠፋት ይቀላል።

የማርቆስ ልጅ፦

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት፣ ትከሻው 3 ሴንቲ ተኩል ነው፤ ስለዚህ አልነካውም። እትዬ፣ ነጠላውን ላጥበው ብዬ ቀዩ ጥለት ነጩን እንዳያበላሽብኝ ፈራሁ። ጨው ወይም አቼቶ ልጨምርበት?

እትዬ ጥለት፦

ጨውም አቼቶም የሚለቅ ቀለም አያስቆሙም ልጄ። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ አምስት ደቂቃ ተጫኚው። ቀይ ካልያዘ በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሳሙና ሳትዘፈዝፊ ቶሎ እጠቢው። ከያዘ ነጩን ብቻ አርጥበሽ እጠቢ፣ ጥለቱን ከሳፋው ውጭ ያዢው። ነጠላ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሲታጠብ ሳይሆን እርጥቡን አጥፈው ሲያስቀምጡት ነው። ሳትጨምቂ፣ ጥለቱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ነጩ ሳይነካው ጥላ ውስጥ አስጪው። ሐሙስ ካጠብሽው ለቅዳሜ ይደርሳል።