የኖርዌይ የእርባታ ሳልሞን ባሕሩን ይታደጋል ወይስ ይጎዳል?

የበርገን ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ኖርዌይ ገበያ ላይ የምናገኘው ሳልሞን ከሞላ ጎደል ሁሉም በፊዮርድ (ባሕሩ በተራሮች መካከል ወደ የብስ ዘልቆ በገባበት ጠባብ ሰርጥ) ውስጥ በመረብ ታጥሮ የረባ ነው። ገሚሱ ሰው የባሕሩን ዓሣ ከመመናመን ያድናል ሲል፣ ገሚሱ ፊዮርዶቹን አበላሸ ይላል። ማሸጊያው ላይ ያለው አረንጓዴው የኤኤስሲ (ኃላፊነት ለሚሰማው የዓሣ እርባታ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት) ምልክትስ ምን ያህል ያስተማምናል?

ሰሜን ነፋስ፦
ጠያቂያችን፣ ከመኖው ቢነሡ ይሻላል። ሳልሞን ሥጋ በል በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመኖው 90 በመቶ ያህሉ የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት ነበር፤ ስለዚህም አንዱን ዓሣ ለማርባት ሌላውን ማጥመድ ግድ ይል ነበር። በ2020 ይህ ድርሻ ወደ 22 በመቶ ወርዷል። ሆኖም ክፍተቱን በአብዛኛው የሞላው፣ ከብራዚል የሚጫነውን አኩሪ አተር ጨምሮ፣ ከእርሻ የሚገኝ መኖ ስለሆነ፣ ጫናው ከባሕር ወደ መሬት ዞረ እንጂ አልቀረም። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ለሚያመርት አገር የቀረው 22 በመቶም ቢሆን ጥቂት አይደለም። ከሞሪታንያ ጠረፍ የሚጠመደው ሰርዲኔላ የተባለ ትንሽ ዓሣ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ምግብ ሆኖ ሳለ፣ ዘይቱ ተጨምቆ ለአውሮፓ መኖ አምራቾች ይሸጣል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

ባለመረቡ፦
የመኖው ጉዳይ እውነት ነው፤ በእርባታ ጣቢያ ለሠራ ሰው ግን ዋናው ራስ ምታት በዓሣው ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚመገበው ጥገኛ ተባይ፣ የባሕር ቅማል ነው። በየሳምንቱ ከየመረቡ ጥቂት ዓሦች እናወጣና ማደንዘዣ ባለበት ውኃ ውስጥ አድርገን ቅማሉን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። በአማካይ ለአንድ ዓሣ ከ0.5 በላይ የጎለመሱ እንስት ቅማሎች እንዳይገኙ ሕጉ ያዛል። ቁጥሩ ካለፈ ዓሣው ብዙ ጊዜ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፤ ይህም ብዙ ዓሣ ይጎዳል፣ ይገድላልም። በ2023 በባሕር ላይ ካሉት የእርባታ ሳልሞኖች ወደ 17 በመቶ የሚጠጉት፣ በዚህም በሌላም ምክንያት፣ ሞተዋል። ቅማሉ ከወንዝ ወደ ባሕር የሚወርዱትን የዱር ሳልሞን ጫጩቶችም ስለሚፈጅ፣ መንግሥት ከ2017 ጀምሮ ጠረፉን በ13 ቀጠና ከፍሎ ቅማሉ በዱር ሳልሞን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስለከፋ ቀይ የተሰጠው ቀጠና ምርቱን በ6 በመቶ እንዲቀንስ ያደርጋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም መረቡ ክፍት እስከሆነ ድረስ ኩሱም ቅማሉም ወደ ፊዮርዱ መውጣቱ አይቀርም።

እናት ዓለም፦
ስለ ምልክቱ ለጠየቁት፦ ኤኤስሲ የሚመዝነው እያንዳንዱን ጣቢያ ለብቻው ስለሆነ፣ በአንድ ፊዮርድ የተደራረቡ ጣቢያዎች በአንድነት የሚያደርሱትን ጉዳት አጉልቶ አያሳይም። ቢሆንም ከሌለው ይሻላል። ከባሕር እርባታ ጉዳቱ ያነሰውን ከፈለጉ ግን መስል የተባለውን ዛጎል ለበስ ይሞክሩ፤ ውኃውን አጣርቶ ስለሚመገብ መኖ አይጣልለትም።