ባሕር ዳር ውስጥ ለኮምፒውተር የሚሆን መነጽር የት እናሠራ? ምን ዓይነትስ? (ጥቆማ)

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 51 ሲሆን ቀበሌ 14 አካባቢ በሚገኝ ቢሮ በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ፤ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ እቀመጣለሁ። ሩቁን ያለ መነጽር አጥርቼ አያለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ተመርምሬ ለሁለቱም ዓይኖቼ ፕላስ 2 የሆነ መነጽር አሠራሁ። ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይደበዝዝብኛል። ወደ ስክሪኑ ካልተጠጋሁ በስተቀር በሠንጠረዡ ውስጥ 3ን ከ8 መለየት ያስቸግረኛል፤ ወደ ማታ ደግሞ ማጅራቴን ያመኛል። መነጽሩን የሠራልኝ ቤት “ይለመዳል፣ ትንሽ ይታገሡ” ይለኛል። ሦስት ሳምንት አይበቃም ወይ? ከከተማችን የትኛውን ዓይነት አገልግሎት፣ የትኛውንስ ሌንስ ትጠቁሙኛላችሁ?

ጥቆማ 1

እህቴ፣ ሦስት ሳምንት ከበቂ በላይ ነው፤ ደግሞም የእርስዎ ችግር ከመጀመሪያውም በመላመድ የሚፈታ አይመስለኝም። ሩቁን ያለ መነጽር የሚያይ ሰው ፕላስ 2 ሲያደርግ ጥርት ብሎ የሚታየው ነገር 50 ሳንቲሜትር ላይ ያበቃል፤ 1 ሜትርን ለ2 ማካፈል ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ወረቀት ብዙ ጊዜ 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሚያዝ በዚህ ክልል ውስጥ ይገባል፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ከ50 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይርቃል። እንግዲህ አንገትዎ ወደ ፊት የሚሰግገው ዓይንዎ ስላልለመደ ሳይሆን፣ ስክሪኑን መነጽሩ ወደሚያሳይበት ክልል ለማስገባት ነው። ማጅራትዎን የሚያምዎትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ መነጽሩ ለንባብ ደህና ነው፤ አይጣሉት፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ያስፈልግዎታል።

እኔ 54 ዓመቴ ነው፤ በትርጉም ሥራ ስለምተዳደር ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ነኝ፤ በአራት ዓመት ውስጥም ሦስት መነጽር አሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ፕሮግረሲቭ የሚባለው ነበር፤ ከላይ ሩቁን፣ ከመካከል ኮምፒውተሩን፣ ከታች ንባቡን የሚያሳይ ሌንስ ነው። ገና ግማሽ ሰዓት ሳደርገው ግንባሬን ጠፍሮ ይይዘኛል። ስሙን የማልጠራው የመነጽር ቤት እኔንም “ይለመዳል” ብሎኝ 40 ቀን ታገሥኩ። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ መነጽሩን በሌንስ መለኪያው መሣሪያ ላይ ሲያስቀምጠው፣ በሁለቱ ሌንሶች ማዕከሎች መካከል 68 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ በዓይኖቼ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ግን 62 ነው። የሠራልኝ ሰው ፊቴን ሳይለካ በግምት ቆርጦታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ዓይን በዓመትም አይለምደው፤ የሌንሱ ኃይል በጨመረ ቁጥርም ስህተቱ አብሮ ይጎላል።

ከዚያ ወዲህ የመነጽር ቤት የምመርጠው በአንድ መመዘኛ ብቻ ነው፦ “ኮምፒውተርዎ ከዓይንዎ ምን ያህል ይርቃል?” ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ እቀመጣለሁ፤ ካልጠየቀ አመስግኜ እወጣለሁ። የሱቁ ስፋት፣ የመስተዋቱ ማማር፣ የፍሬሙ ብዛት ምንም አይነግርዎትም። እርስዎም ከመሄድዎ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙና እንደ ወትሮው ወንበርዎ ላይ ዘና ብለው ተቀምጠው የሥራ ባልደረባዎ ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ይለካልዎ። ቀጥ ብለው አይቀመጡ፤ ለፎቶ እንደሚነሣ ሰው የተቀመጡት ርቀት ለሥራው አያገለግልም። የእኔ 63 ሳንቲሜትር ሆነ። ለዚህ ርቀት የሚያስፈልገው ኃይል 1.6 ገደማ ነው፤ በዚህ ዕድሜም ቢሆን ዓይን በራሱ የሚያግዘው ጥቂት ስለማይጠፋ ባለሙያው ሞክሮ ፕላስ 1.25 ላይ አቆመው። ሥራ የምሠራው አሁንም በዚሁ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ምርመራውንና መነጽሩን ለያይተው ቢያዩት እመክራለሁ። ለምርመራው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታልን እመርጣለሁ፤ ከ40 ዓመት በላይ ያለ ሰው የዓይን ግፊቱንና የዓይኑን የውስጥ ክፍል ሳያሳይ መነጽር ብቻ እየቀያየረ መኖር የለበትምና። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ እይታን ይበላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ምርመራ በየዓመቱ ማድረግ ይገባዋል። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ መኖሩ የታወቀ ስለሆነ አንድ ሙሉ ጠዋት ይመድቡለት። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከተደረገልዎ ለሰዓታት ስለሚደበዝዝብዎት የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ለመዝጋት አያቅዱ።

የግል ክሊኒክና የመነጽር ቤት የሚበልጡት በፍጥነትና ደጋግሞ በመመለስ ምቾት ነው። እዚያ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አገጭዎን አስደግፈው ሥዕል የሚያዩበት ማሽን የሚያወጣው ወረቀት መነሻ እንጂ ማዘዣ አይደለም። ባለሙያው ከዚያ በኋላ የሙከራ ፍሬም አድርጎልዎ፣ ሌንሱን እየቀያየረ “ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?” እያለ ካልጠየቀዎት ምርመራው አላለቀም። የሙከራውን ፍሬም እንዳደረጉ ስልክዎን በለኩት ርቀት ላይ እንዲይዙልዎ ይጠይቁና ያንብቡ፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ትርፉ ግን የዓመት ነው። ማዘዣውንም ከነብሌን ርቀቱ በወረቀት ይቀበሉ። እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መታየቱ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪ (የእይታ ምርመራ) ባለሙያዎችን የሚያሠለጥንና የዓይን ማዕከልም ያለው ስለሆነ፣ ውስብስብ ችግር ላለበት ሰው የሚደከምለት ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ስለ ሌንሱ፣ ለእርስዎ የምጠቁመው አንድ ኃይል ብቻ ያለውን፣ ለስክሪኑ ርቀት የተሠራውን ተራ ሌንስ ነው። ርካሽ ነው፣ ስፋቱ ሙሉ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለመዳል። መስመር ያለው ባይፎካል (ከላይ ሩቁን ከታች ንባቡን የሚያሳየው) ለኮምፒውተር አይሆንም፤ የንባቡ ክፍል ከታች ስለሆነና ኃይሉም ለስክሪኑ ርቀት ስላልተሠራ አገጭዎን ሽቅብ ሰቅለው ሲውሉ አንገትዎ ይብሱን ይታመማል። ፕሮግረሲቭ በትክክል ከተሠራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለኮምፒውተር የሚሆነው የመካከሉ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ሠንጠረዥ ለሚሠራ ሰው ጭንቅላት ማዟዟር ይበዛበታል። የቢሮ ሌንስ የሚባለው፣ ከታች ንባቡን ከዚያ በላይ ስክሪኑንና እስከ ጥቂት ሜትር ያለውን የሚያሳየው፣ ከሁሉም የሚመች ቢሆንም ውድ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን መነጽሬን በዚህ ሳሠራ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ 12 ቀን ጠብቄአለሁ።

ገበያ ውስጥ በካርቶን ተደርድረው የሚሸጡትን ዝግጁ መነጽሮች ብዙ ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ አልንቃቸውም። የሁለቱም ዓይኖችዎ ኃይል እኩል ከሆነና ሲሊንደር (ዓይን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመጉበጡ የሚታዘዝ ተጨማሪ ኃይል) ከሌለዎት፣ ፕላስ 1.25 የሆነ ዝግጁ መነጽር ዋናው እስኪደርስ ድረስ ስክሪኑን ያሳይዎታል። ዓይንን አያበላሽም። ሁለቱ ዓይኖች ለሚለያዩበት ሰው ግን አይሆንም።

ዋጋው ሰነባብቶ ስለሚለዋወጥ መጠን አልጽፍም፤ የፍሬሙን፣ የሌንሱንና በሌንሱ ላይ የሚቀባውን ቅብ ዋጋ ለየብቻ ጠይቀው ያወዳድሩ። በጥቅል ሲነገር ርካሽ የመሰለው ሲዘረዘር ውድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ስለ መላመዱ። አዲሱ መነጽር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊደሉን ገዘፍ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ቀረብ አድርጎ ያሳይዎታል፤ ይህ የፕላስ ሌንስ ጠባይ ስለሆነ ያልፋል። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ያድርጉት እንጂ ዓይንዎ ከደከመ በኋላ አይጀምሩት፤ አንድ ቀን አሮጌውን አንድ ቀን አዲሱን እያፈራረቁ ለስክሪን አይጠቀሙ። ከወንበርዎ ሲነሡም ያውልቁት። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ እኔ አንድ ማታ መነጽሬን ማውለቅ ረስቼ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ከፊቴ የምትመጣው ባጃጅ የሰማያዊ ቀለም ጉድፍ ሆና ታየችኝ፤ ወርጄ እየገፋሁ ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላም የራስ ምታት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ወይም በአንዱ ዓይን ብቻ መደብዘዝ ካለ፣ “ይለመዳል” የሚል መልስ ሳይቀበሉ ተመልሰው መነጽሩን ከማዘዣው ጋር ያስመሳክሩት።

ጥቆማ 2

ከላይ በጻፉት ታላቅ ወንድማችን ሐሳብ ላይ ወጣት ለሆነው አንባቢ ጥቂት ልጨምር። እኔ 29 ዓመቴ ነው፤ ፖሊ (የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ተምሬ አሁን የሶፍትዌር ሥራ እሠራለሁ። የእኔ ችግር ሲሊንደር ነው። አዲሱን መነጽር ያደረግሁ ቀን ጠረጴዛዬ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ የበሩ መቃን የጠመመ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ቡና ስቀዳ ከስኒው ውጪ አፈሰስኩ። በዘጠነኛው ቀን ግን መቃኑ ቀጥ አለ። ስለዚህ “ይለመዳል” የሚለው አባባል አንዳንዴ እውነት መሆኑን መመስከር እፈልጋለሁ፤ ልዩነቱ እኔ ሁሉም ነገር ዘንበል ብሎ ቢሆንም ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር፣ የእህታችን ግን ጥርት አላለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ብሉ ከት፣ ማለትም የስክሪንን ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላል ተብሎ የሚሸጠው ሌንስ ነው። ሻጩ ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ ትንሽ ባትሪ አውጥቶ ካርድ ላይ ያበራል፤ ሌንሱን በመካከል ሲያስገባው ብርሃኑ ይጠፋል፤ ደንበኛውም ተደንቆ ይከፍላል። እኔም ተደንቄ ከፍያለሁ። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያወጣው፣ 17 የሙከራ ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ ግን፣ ይህ ሌንስ ከተራው ሌንስ ይልቅ በኮምፒውተር የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ እንደማይቀንስ አመልክቷል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ለኮምፒውተር ተብሎ እንዲገዛ አይመክርም። ገንዘብ ከተረፈዎት ለአንቲ ሪፍሌክስ ቅብ ይክፈሉ፤ ከጀርባ ያለው መስኮትና አምፖል በሌንሱ ላይ እንዳይንጸባረቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ቅቡ ግን በነጠላ ጫፍና በሸሚዝ አይጠረግም፤ አቧራው ይፍቀዋልና በውኃ አለቅልቆ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም ቅቡን ይሰነጣጥቀዋል።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም በመነጽር አናሳብብ። ስክሪን ስናይ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በጣም ያነሰ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ማራገቢያውን ፊታችን ላይ ከደቀንነው ዓይናችን ደርቆ ይቆረቁረናል፤ የትኛውም ሌንስ ይህን አያድነውም። እኔ ማራገቢያውን ወደ እግሬ አዙሬ፣ ስክሪኑን ከመስኮቱ ጎን ለጎን አድርጌ አስቀምጫለሁ። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ቢያንስ 6 ሜትር የራቀ ነገር ማየት የሚባለውንም እሞክራለሁ፤ መስኮቴ ወደ ጣና ስለሆነ ታንኳ ፈልጌ ቀዛፊውን በዓይኔ እከተላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር 20 ሰከንዱ ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ ይሆናል።

ጠያቂዋ፣ ከአንድ ወር በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባልደረባዬ ስትለካኝ 66 ሳንቲሜትር ሆነ። በሆስፒታል የዓይኔን ግፊት ተለክቼ ደህና ነው ተባልኩ። ከዚያ ሦስት የመነጽር ቤቶችን ዞሬ ርቀቱን የጠየቀኝ አንዱ ብቻ ነበር፤ የሙከራውን ፍሬም አድርጎልኝ ስልኬን በሜትሬ ለክቶ ያዘልኝ፤ መጀመሪያ 1.50 ሞክሮ ወደ 1.25 ዝቅ ሲያደርገው ቁጥሮቹ ቦታቸውን ያዙ። ብሉ ከቱን ትቼ ጸረ ነጸብራቁን አስደረግሁ። በመጀመሪያው ቀን ፊደሎቹ ተለቅ ብለውብኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መነጽር ማድረጌንም ረሳሁት። የማጅራቴ ሕመም ለመተው ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። የቀድሞው ፕላስ 2 መሳቢያዬ ውስጥ ሆኖ ደረሰኝ ሳነብ ብቻ ይወጣል።

አሁን የቀረኝ ችግር ባለጉዳይ በር ላይ ሲቆም ማን እንደሆነ ለመለየት መነጽሩን አፍንጫዬ ላይ ዝቅ አድርጌ በላዩ ማየቴ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የቆጣሁ እየመሰላቸው ነው። የቢሮ ሌንስ የሚባለውን እዚሁ ባሕር ዳር ያሠራችሁ ካላችሁ፣ በሩን በስንት ሜትር ርቀት እንዳሳያችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔ በር ከወንበሬ ሦስት ሜትር ተኩል ይርቃል።